ቢራ ሲወደድ ደንበኛ የት ይሄዳል?

አዘዞ ያለው ግሮሰሪህ ቢራ ከተወደደ ወዲህ ለምን እንደቀዘቀዘ ጠይቀሃል። ደንበኞችህ መጠጣት አላቆሙም፣ መጠጡን ነው የቀየሩት።

በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 መሠረት የቢራ ኤክሳይዝ፣ ማለትም በተመረጡ ዕቃዎች ላይ የሚጣለው ግብር፣ የሚሰበሰበው ከፋብሪካው ነው፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ይታሰባል፣ ሁሉም ተደምሮ ጠርሙሷ ላይ ያርፋል። ሰፈር ውስጥ የሚጠመቀውን ጠላና የቤት አረቄ ግን ይሄ አይነካውም። ስለዚህ ድሮ ሦስት ቢራ የሚጠጣው ሰውዬ አሁን ጠላ ቤት ሁለት ጣሳ ጠጥቶ ይመጣና አንዷን ዳሸን እስክትሞቅ ይዟት ያመሻል። አይተኸው ይሆናል።

እሱን በዋጋ ልመልሰው ብለህ አትድከም፣ ትከስራለህ። ድራፍት አስገባ፣ ጥብስና ሽሮ ጨምር። አንድ ቢራ ብቻ የሚጠጣም ሰው ይራበዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ። እኔ ፒያሳ ስሠራ ቢራ ሲጨምር ከማላውቀው ሰው ርካሽ አረቄ በጀሪካን ገዛሁ። ሁለት ደንበኞቼ ሲያስመልሳቸው አደሩ፣ አንደኛው ጠዋት ዓይኔ ደበዘዘብኝ አለ። እንዲህ ባለ አረቄ ውስጥ ሊኖር የሚችለው ሜታኖል የሚባል መርዛማ አልኮል ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም፣ ቀምሰህ አትለየውም። ምንጩን የማታውቀውን አረቄ በነፃ ቢሰጡህም እንዳታስገባ።