ከውጭ በሚገባ ዕቃ ምክንያት ሥራ ላጣ ሠራተኛ የሚሰጠው ድጋፍ፦ ለእህታችን ጥያቄ መልስ

እህታችን ያቀረቡትን ጥያቄ በጥሞና አንብቤዋለሁ። የሚሠሩበት ፋብሪካ የመገጣጠሚያ ክፍሉን ወደ ሜክሲኮ ሊያዛውር መሆኑ እንደተነገራችሁና «ፋብሪካው ወደ ውጭ ለሄደበት ሠራተኛ መንግሥት ትምህርት ቤት ይከፍልለታል፣ እስኪጨርስም ይደጉመዋል» ሲባል እንደሰሙ ገልጸው፣ ነገሩ እውነት መሆኑን ጠይቀዋል። እውነት ነበር፤ እኔም ተምሬበታለሁ። ዛሬ ግን በዚያው መልክ አያገኙትም፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው በከንቱ ተስፋ ጊዜ እንዳያጠፉ ነው።

ይህ የአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ ትሬድ አድጀስትመንት አሲስታንስ፣ በአጭሩ ቲኤኤ ይባላል። በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዘመን በ1962 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በወጣ ሕግ ተጀምሮ በ1974 ሰፍቷል። ሐሳቡ፣ አገሪቱ ለውጭ ዕቃ በሯን ስትከፍት ጥቅሙ ለሸማቹ ሁሉ ሲዳረስ ጉዳቱ በጥቂት ፋብሪካዎች ሠራተኞች ላይ ስለሚወድቅ እነርሱ ሊካሱ ይገባል የሚል ነበር። ኮንግረስ ስላላደሰው ግን የፌዴራሉ ሌበር ዲፓርትመንት ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ አዲስ ማመልከቻ ተቀብሎ ማጽደቅ አቁሟል። ከዚያ በፊት የጸደቀላቸውና ከሥራ የተቀነሱ ሠራተኞች ብቻ ናቸው መብታቸው የቀጠለላቸው።

እኔ ሚኒሶታ ውስጥ ሽቦ እየለካንና እየቆረጥን ለማሽን አምራቾች የምንገጣጥምበት ፋብሪካ ውስጥ እሠራ ነበር። በ2016 መጀመሪያ ላይ አንዳንድ ማሽኖች ላይ ቢጫ ወረቀት ይለጠፍ ጀመር፤ ቢጫ የተለጠፈበት ማሽን በሳጥን ታሽጎ እንደሚሄድ ማንም ሳይነግረን ገባን። ከአስተዳደሩ ስለ ቲኤኤ ትንፍሽ ያለልን ሰው አልነበረም። የሰማነው ከዚህ በፊት ሌላ ፋብሪካ ከተዘጋበት የሥራ ባልደረባችን ነው። ሕጉ ሦስት ሠራተኞች ከፈረሙ ይበቃል ስለሚል፣ እኔ፣ አንዲት የቬትናም ተወላጅና ያ ባልደረባችን ቅጹን መኪና ማቆሚያው ውስጥ በመኪናዬ ኮፈን ላይ አስደግፈን ፈረምን። እጃችን በብርድ ደንዝዞ ስለነበር የእኔ ፊርማ የእኔ አይመስልም ነበር። ማመልከቻው ሲጸድቅ ያልፈረሙትም ሁሉ፣ ከማመልከቻው በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ የተቀነሱት ጭምር፣ ተጠቃሚ ሆኑ።

የመጀመሪያዎቹን ወራት የተማርኩት እንግሊዝኛና ሒሳብ ነው፤ ይህም እንደ ሥልጠና ይቆጠር ነበር። ከዚያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቼ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ጥገና ተማርኩ። የሥራ አጥ ክፍያዬ ሲያልቅ በምትኩ ሳምንታዊ ድጎማ ይከፈለኝ ነበር። አንድ ወዳጄ ግን «መጀመሪያ አንኢምፕሎይመንቴን ልጨርስ፣ ትምህርቱ የትም አይሄድም» ብሎ ተቀመጠ። ትምህርቱ በእርግጥ አልሄደበትም፤ ሳምንታዊውን ድጎማ ለማግኘት ግን በ26 ሳምንት ውስጥ ሥልጠና መመዝገብ ግድ ስለነበር ገንዘቡን አጣ፣ ሦስት ልጆች ይዞም ያለገቢ መማር ስላልቻለ ተወው። በሌላ በኩል፣ በመስመራችን ላይ የነበሩ አንዲት የ58 ዓመት እናት መማር አልፈለጉም። በሰዓት 19 ዶላር ያገኙ የነበሩት በ14 ዶላር ሌላ ሥራ ሲገቡ፣ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ስለሆነ መንግሥት የልዩነቱን ግማሽ፣ ማለትም በሳምንት ወደ 100 ዶላር ያህል፣ ጨመረላቸው። ጣሪያው በሁለት ዓመት 10,000 ዶላር ነበር። በእኔ አስተያየት ከድጋፉ ሁሉ ብልህነት የነበረበት ይህ ክፍል ነው፤ በዚያ ዕድሜ ያለን ሰው የግድ ደብተር አስይዞ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ክብሩን አይጠብቅም።

አሁን ለእርስዎ የቀረው መንገድ በ2014 በወጣው ዊኦዋ በሚባለው ሕግ ሥር ያለው፣ ከሥራ ለተፈናቀሉ ሠራተኞች የተመደበው ድጋፍ ነው። ሥራው የጠፋው በውጭ ዕቃ ምክንያት መሆኑን ማስረዳት አይጠበቅብዎትም፤ ይህ ቀላል ያደርገዋል። ገንዘቡ ግን ከቲኤኤ ያነሰ ነው፣ መጠኑም እንደየአካባቢው ይለያያል፣ እንደ እኔ ዓይነቱን ረጅም ሳምንታዊ ድጎማም አይጠብቁ። ስለዚህ አጭርና ሥራ የሚያስገኝ ሥልጠና ቢመርጡ ይሻላል። ትምህርት ቤቱ በክፍለ ግዛቱ የጸደቁ ማሠልጠኛዎች ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ሳያረጋግጡ አንድም ዶላር አይክፈሉ፤ ከኪስ ከፍሎ የተጀመረ ትምህርት ተመልሶ ይከፈላል ብለው አይመኑ። እንዲሁም ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት የሥራ አጥ ክፍያ ቢሮው ሥልጠናውን እንዲያጸድቅልዎት ይጠይቁ። ካጸደቀው በትምህርት ላይ በመሆንዎ ምክንያት ክፍያዎን ሊያቋርጥ አይችልም፤ ሳያጸድቅ ከገቡ ግን «ለሥራ ዝግጁ አይደሉም» ተብሎ ሊቋረጥብዎት ይችላል።

ፋብሪካው 100 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ካሉትና የሚዘጋው ክፍል 50 ወይም ከዚያ በላይ ሰው የሚያፈናቅል ከሆነ፣ ዋርን አክት በሚባለው የ1988 ሕግ መሠረት የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሊሰጣችሁ ይገባል። በቃል ብቻ ከተነገራችሁ ደብዳቤውን ጠይቁ። ማስጠንቀቂያው ለክፍለ ግዛቱም ስለሚደርስ፣ ብዙውን ጊዜ ራፒድ ሪስፖንስ የሚባል ቡድን ፋብሪካው ድረስ መጥቶ ያስረዳል። በዚያ ስብሰባ ላይ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲቀርብልዎት አስቀድመው መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ልጅዎን ወይም የሥራ ጓደኛዎን ለማስተርጎም አያስቸግሩ። እኔ ያኔ አፍሬ ሳልጠይቅ ቀርቼ፣ ከተባለው ግማሹን የተረዳሁት ከሳምንታት በኋላ ነው።

አሜሪካን ጆብ ሴንተር ወደሚባለው፣ ሥራና ሥልጠና ለሚፈልጉ ሰዎች ድጋፍ ወደሚሰጠው ቢሮ ሲሄዱ የሥራ ማቋረጫ ደብዳቤውን፣ የመጨረሻዎቹን የደመወዝ ወረቀቶች፣ መታወቂያና የሥራ ፈቃድ ይያዙ። ፋብሪካዎ ላይ ከጁላይ 2022 በፊት የጸደቀ የቲኤኤ ማመልከቻ ነበረ ወይ ብለውም ይጠይቁ፤ ምናልባት ቀደም ብለው የተቀነሱ ጓደኞችዎ ሳያውቁት መብት ይኖራቸው ይሆናል።