እምቦጭ ተነቅሎ ለምን ይመለሳል?

ጥያቄ፦ በደንቢያ ወረዳ በጣና ዳርቻ የምንኖር ወጣቶች ነን። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ከገበሬዎች ጋር በደቦ ወርደን እምቦጭ እንነቅላለን፤ ያጸዳነው ስፍራ ግን በዓመቱ ተመልሶ ይሸፈናል። ድካማችን ከንቱ ነው? የነቀልነውንስ ለከብቶቻችን ብንሰጠው ጉዳት አለው?

መልስ፦ ውድ አንባቢዎቻችን፣ ድካማችሁ ከንቱ አይደለም። የሚጎድለው ከዘመቻው በኋላ ያለው ክትትል ይመስለናል።

ከደቡብ አሜሪካ የአማዞን ተፋሰስ የመጣው ይህ ተክል በጣና ላይ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው። የሚራባው በሁለት መንገድ ሲሆን፣ አንደኛው ከእናቲቱ ተክል ጎን በሚወጣ ቅጥያ ነው፤ በዚህ መንገድ ሙቀትና ምግብ ባለው ውኃ ላይ የያዘውን ስፋት በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ሊያደርገው ይችላል። ሁለተኛው በዘር ነው። ሐምራዊው አበባ ሲጠወልግ ዘሩ ወደ ደለሉ ይሰምጥና እስከ 20 ዓመት ድረስ ሳይሞት ሊቆይ ስለሚችል፣ ዘንድሮ ያያችሁት አረም ከብዙ ዓመት በፊት ከወደቀ ዘር የበቀለ ሊሆን ይችላል። ነፋስ ከሌላ ዳርቻ ገፍቶ የሚያመጣውም ይታከልበታል።

ስለዚህ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው አረሙ ሳያብብ መንቀል ነው። ትልቁ ዘመቻ ብዙውን ጊዜ የሚጠራው አረሙ አብቦ ዳርቻውን ካለበሰ በኋላ በመሆኑ፣ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ ሲደክም ዘሩ አስቀድሞ ወርዷል። ከዚያም ሐይቁ ሲሸሽ በባሕር ሸሹ መሬት ጭቃ ላይ ለጋ ቡቃያ ይወጣል፤ ይህን ጊዜ ጥቂት ሰዎች በየሳምንቱ እየተዘዋወሩ ቢነቅሉት በቀጣዩ ዓመት ትልቅ ሸክም ይቀልላቸዋል። ማጨጃ ማሽን እንዲህ ባለው ጭቃ ውስጥ ሊገባ ስለማይችል፣ ይህ ሥራ የእናንተው የዳርቻው ነዋሪዎች ነው። ሁሉን ማዳረስ ካልቻላችሁ እንደ መገጭ ካሉ ወንዞች መግቢያ ጀምሩ፤ ከጣና በቀር በየትም የማይገኙ የበርቡስ ዓሣ ዝርያዎች ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጡት በዚያ በኩል ነውና።

ስትነቅሉ ከነሥሩ አውጡት፤ ተቆርጦ የቀረው ቁራጭ እንደገና ያቆጠቁጣል። ደንገሉን ግን አደራ አትንኩት። ታንኳ የሚሠራበት፣ ወፍ ጎጆ የሚቀልስበትና ደለል የሚያጣራው ይህ የአገሬው ተክል በችኮላ ከእምቦጩ ጋር ሲነቀል፣ ባዶ የቀረውን ቦታ ቀድሞ የሚይዘው ያው አረሙ ነው። ቢልሃርዚያና አልቅት ስላሉም ያለ ቦት ጫማና ጓንት ወደ ውኃው አትግቡ።

የነቀላችሁትን ውኃው ሞልቶ ከሚደርስበት ወሰን በላይ አውጥታችሁ ከምሩት፤ ዳር ላይ ከተተወ ማዕበል መልሶ ይወስደዋል፣ ወይም እዚያው በስብሶ ውኃውን ያዳብርለታል። ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውኃ በመሆኑ ጥቂት ቀን ካጠወለጋችሁት በኋላ ወደ ማቃጠያው ወይም ወደ ኮምፖስት ጉድጓዱ ማጓጓዝ ይቀልላል። ዘር የያዘውን ግን ለኮምፖስት አናበረታታም፤ ጉድጓዱ በደንብ ካልሞቀ ዘሩ ከማዳበሪያው ጋር ማሳ ይገባል።

ከብቶች ይበሉታል፤ ይሁን እንጂ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ብቻውን መኖ አይሆናቸውም። በተለይ ትኩሱን እምቦጭ ለመኖ ብላችሁ ኩሬ ወይም ግድብ ወዳለበት ሌላ ቀበሌ አትውሰዱ፤ አንድ ተክል መንገድ ላይ ወድቆ ውኃ ካገኘ አዲስ ወረራ ለመጀመር ይበቃዋል።

በቪክቶሪያ ሐይቅ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አረሙን በመቀነስ ረገድ ትልቅ ድርሻ ስለነበራቸው፣ እምቦጩን እየበሉ ስለሚያዳክሙት ነቀዞችም (ጥቃቅን ጥንዚዛዎች) ብዙ አንባቢዎች ይጠይቁናል። እነዚህ ነፍሳት ውጤታቸው የሚታየው ከዓመታት በኋላ ሲሆን፣ የሚለቀቁትም በመንግሥት ፈቃድና በባለሙያ ክትትል ብቻ ስለሆነ በግል ለማምጣት መሞከር አይገባም። እስከዚያው ከወረዳችሁ ግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር ተነጋግራችሁ ከኅዳር እስከ ግንቦት የሚዘልቅ የቅኝት ተራ አውጡ።