ከልጄ ቆዳ የተሠራው የአንጎል ቅንጣት የማን ነው?

ጥያቄ፦ ልጄ የ10 ዓመት ሕፃን ሳለ የሚጥል በሽታው መንስኤ እንዲጠና ከክንዱ ጥቂት ቆዳ ተወስዶ ነበር፤ የፈቃድ ቅጹን የፈረምሁት እኔ እናቱ ነኝ። አሁን 19 ዓመት ሞልቶታል። በቅርቡ ከዚያ ቆዳ «የአንጎል ኦርጋኖይድ» ተሠርቶ ለአንድ መድኃኒት አምራች እንደ ተላለፈ ሰማን። ልጄ «አንጎሌ በሰው እጅ ገባ» እያለ እንቅልፍ አጥቷል። ማስመለስ ወይም ማስጠፋት እንችላለን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ከሕጉ በፊት ለልጅዎ እንቅልፍ የሚበጅ ነገር ልንገርዎ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ያለው የእርሱ አንጎል አይደለም። ኦርጋኖይድ ማለት በቤተ ሙከራ ከሴል የሚያድግ፣ የአንድን የአካል ክፍል ጠባይ በከፊል የሚያሳይ ቅንጣት ነው። የቆዳ ሴል ወደ ግንድ ሴልነት (ገና ወደ ልዩ ልዩ ዓይነት ሴል ሊለወጥ ወደሚችል ሴልነት) ይመለስና ወደ ነርቭ ሴል እንዲያድግ ይደረጋል። ተመራማሪዎቹ ማዴሊን ላንካስተርና ዩርገን ክኖብሊክ እ.ኤ.አ. በ2013 ቪየና ውስጥ በዚህ መንገድ ያሳደጉት ኦርጋኖይድ አተር የሚያህል ነበር። የደም ሥር ስለሌለው ከጥቂት ሚሊሜትር ሲያልፍ መካከሉ ይሞታል። የልጅዎ ትዝታም ሆነ ሐሳብ በውስጡ የለም። የዘር መረጃው ግን አለ፤ መብቱም የሚነሣው ከዚያ ነው።

«ንብረቴ ነው» ብሎ መክሰስ ግን አልመክርም። ጆን ሙር የተባለ የደም ካንሰር ታማሚ ጣፊያው ከወጣ በኋላ ሐኪሙ ከሴሎቹ ገቢ የሚያስገኝ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ሙር በሴሎቹ ላይ የባለቤትነት ክስ ማቅረብ አይችልም አለ። ይህን የፍርዱን ክፍል ባነበብሁ ቁጥር ቅር ይለኛል። ነገር ግን ያው ፍርድ ቤት ሐኪሙ የጥቅም ፍላጎቱን ለታካሚው ሳይገልጥ ፈቃድ መቀበሉ ሊያስከስሰው እንደሚችል ወስኗል። የእናንተም በር ይኸው ነው።

ስለዚህ የፈረሙበትን ቅጽ ቅጂ ይጠይቁ። ፈቃዱ ለሚጥል በሽታ ጥናት ብቻ ነበር ወይስ «ለወደፊት ምርምር ሁሉ»? ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍና የንግድ ጥቅም ተጠቅሰዋል? «ለሚጥል በሽታ ጥናት ብቻ» የሚል ቅጽ ካገኛችሁ ጉዳያችሁ ጠንካራ ነው። ሁሉን የሚፈቅድ ከሆነ ክርክሩ ይከብዳል፤ አያበቃም ግን።

አያበቃም የምለው ልጅዎ አካለ መጠን ስላደረሰ ነው። እርስዎ የፈረሙት በእርሱ ስም፣ እርሱ መወሰን በማይችልበት ዘመን ነው። ዛሬ ውሳኔው የራሱ ነው። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር የሕክምና ምርምር ሥነ ምግባር ሰነድ የሆነው የሄልሲንኪ መግለጫም የምርምር ተሳታፊ በማንኛውም ጊዜ፣ ምንም ሳይደርስበት፣ ፈቃዱን ማንሣት እንደሚችል ይደነግጋል። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ የዘር መረጃ ልዩ ጥበቃ አለው። ሆኖም ፈቃድ ማንሣት ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም፤ የታተመ ውጤት አይጠፋም። ናሙናው ስሙን ከሚገልጥ መረጃ ሙሉ በሙሉ ተለይቶ ከሆነም በብዙ አገር ማስቆም አዳጋች ነው።

ኦርጋኖይዱ ራሱ መብት አለው ወይ ለሚለው መልሱ አጭር ነው፤ የሕግ ሰውነት የሰጠው ሕግ አላውቅም። ዓለም አቀፉ የግንድ ሴል ምርምር ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2021 መመሪያው እነዚህ ቅንጣቶች ንቃተ ኅሊና ወይም የሕመም ስሜት እንዳላቸው የሚያሳይ ማስረጃ እስከዚያ ጊዜ እንዳልነበረ ገልጿል።

አሁን ደብዳቤ ይጻፍ፤ ፈራሚው ልጅዎ ይሁን እንጂ እርስዎ አይሁኑ። ናሙናው የት እንዳለ፣ ከስሙ ጋር የሚያገናኘው መለያ ቁጥር በማን እጅ እንደሚገኝ፣ ለማን በምን ውል እንደ ተላለፈ ይጠይቅ፤ አዲስ ጥቅም ላይ መዋሉ እንዲቆምና የቀረው እንዲወገድም ያሳስብ። ግልባጩ ለተቋሙ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ይድረስ። ወሬውን የሰማችሁበትን ቀን መዝግቡ፤ በብዙ አገር የሕግ ሥርዓት የይርጋው ጊዜ (ክስ ለማቅረብ የተወሰነው ገደብ) የሚቆጠረው ጉዳዩ ከታወቀበት ዕለት ጀምሮ ነው።