ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የጓደኛዬ አደራል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። 20 ዓመቴ ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ የሁለተኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ኤዲኤችዲ የሚባል የትኩረት ችግር ስላለባት ሐኪም አደራል የሚባል ክኒን ያዘዘላት ናት። በፈተና ሰሞን ከእሷ እየወሰድኩ ሳነብ አድራለሁ። ባለፈው ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ የባዮሎጂ ማስታወሻዬን በአራት ቀለም እስክሪብቶ ገለበጥኩት። ልቤ ድው ድው ይል ነበር፤ ምግብም አላሰኘኝም። ፈተናው ላይ ግን ግማሹ ጠፋብኝ። ክኒኑ እንዲህ ካነቃኝ እኔም ኤዲኤችዲ አለብኝ ማለት ነው? እናቴ ሳትሰማ የት ልታይ?

መልስ፦ የአራቱ እስክሪብቶ ነገር ፈገግ አሰኘኝ። ግን የጥያቄሽ ቁልፍም እሱ ነው።

አደራል ውስጡ አምፌታሚን ነው። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ኬሚካል ከፍ ያደርጋል። እንቅልፍ ይጠፋል፤ አሰልቺ የነበረው ሥራ ይጥማል። የትኛው ሥራ እንደሚጠቅምሽ ግን አይመርጥልሽም። አንቺ የጣመሽ መገልበጡ ነበር። ደብተሩን ዘግተሽ ያነበብሽውን ለሁለት ሰዓት ያህል ራስሽን ብትጠይቂና ብትተኚ ኖሮ፣ የበለጠ ታስታውሺ ነበር። ያነበብሽው የሚረጋው ስትተኚ ነውና። ክኒን ልፋትን እንጂ ጥራትን እንደማይጨምር በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የአውስትራሊያ ጥናትም አሳይቷል። 40 ጤነኛ ሰዎች እንዲህ ያሉ መድኃኒቶችን ወስደው ከባድ እንቆቅልሽ ሠሩ። ብዙ ለፉ፣ ረጅም ጊዜ ወሰዱ፤ የሥራቸው ጥራት ግን ቀነሰ።

አገር ቤት ጫት ቅሞ ለፈተና የሚያድር ተማሪ ሞልቷል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። ጫቱን የምንኮንን ሰዎች ክኒኑን ዝም የምንለው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብልቃጥ ውስጥ ስለገባ ይመስለኛል።

ክኒኑ ስላነቃሽ ኤዲኤችዲ አለብሽ ማለት አይደለም፤ ማንንም ያነቃል። ምርመራው የሚደረገው የኋላ ታሪክሽን በመጠየቅ ነው። ምልክቶቹ ከ12 ዓመትሽ በፊት ነበሩ? ቤትም ትምህርት ቤትም ይታዩ ነበር? አንድ ነገር ልጨምር፤ በየቤታችን "ፈዛዛ" ወይም "ሰነፍ" ተብለው ያደጉ፣ ክፍል ውስጥ ጸጥ ብለው በሐሳብ የሚጠፉ ሴቶች ልጆች ነበሩ። አይረብሹምና ማንም ሐኪም ዘንድ አልወሰዳቸውም። ታሪክሽ ይህን የሚመስል ከሆነ በደንብ ታዪ። ሕመሙ ላለበት ሰው መድኃኒቱ በሐኪም ክትትል ብዙ ይረዳል።

የልብሽን ነገር ግን አቅልለሽ አትለፊው። አደራል የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል። ለጓደኛሽ ሲታዘዝላት የልብ ታሪኳ ተጠይቋል፤ አንቺን የጠየቀሽ የለም። ደረትሽን ካመመሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ራስሽን ከሳትሽ 911 ይደወል። ከመጠጥ ጋር ደግሞ ፈጽሞ! ስካሩን ስለሚደብቀው ምን ያህል እንደጠጣሽ አይታወቅሽም። የጓደኛሽ ሲያልቅ በስልክ ከሚሸጡ ሰዎች እንዳትገዢ። አደራል ተብለው ከሚሸጡት ሐሰተኛ ክኒኖች ውስጥ ፌንታኒል የሚባል እጅግ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ወይም ሜታምፌታሚን የሚባል ሱስ አስያዥ ዕፅ ተገኝቷል። አንዷ ክኒን ልትገድል ትችላለች።

ጓደኛሽም ብትሆን በነፃ ሰጠችሽም ሸጠችልሽ፣ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። የአሜሪካ ዜግነት የሌለው ተማሪ ከሆነ ጉዳዩ ከአገር እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል። ይህን ለእሷም ንገሪያት።

አልፎ አልፎ ብቻ ከወሰድሽ ዛሬውኑ ማቆም ትችያለሽ። ጥቂት ቀን ድካምና እንቅልፍ ይጫጫንሽ ይሆናል፤ ስሜትሽም ሊወርድ ይችላል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ 988 ደውዪ።

መታየቱን በኮሌጅሽ የጤና ማዕከል ጀምሪ። 18 ዓመት ስለሞላሽ ሐኪሙ ያለፈቃድሽ ለእናትሽ አይነግራትም። በእሷ ኢንሹራንስ ከታከምሽ ግን የሂሳብ መግለጫው በፖስታ ተልኮ እናትሽ ቤት ሊደርስ ይችላል። ቀጠሮ ስትይዢ "ወረቀቱ ለማን ነው የሚላከው?" ብለሽ አስቀድመሽ ጠይቂ።