ገና ያልገዛሁትን ቤት በመሐንዲስ ላስመርምር?

ጥያቄ፦ ፎቅ የሌለው አንድ ቤት ልገዛ ነው። ሳሎኑንና ማድ ቤቱን የሚለየውን ግድግዳ አፍርሼ ማስፋት፣ ቆይቼም ከላይ አንድ ፎቅ መጨመር አስባለሁ። ሻጩ «መሠረቱ ለፎቅ ነው የተጣለው» ይላል። ኮንትራክተር የሆነው አማቼም አይቶት «ይቻላል» ብሎኛል። ደላላው ደግሞ በዚህ ሳምንት ቀብድ ካልከፈልክ ሌላ ገዥ አለ እያለ ያጣድፈኛል። ገና የእኔ ላልሆነ ቤት ለመሐንዲስ መክፈል ተገቢ ነው? ከገዛሁ በኋላ ፎቁ የማይቻል ሆኖ ቢገኝስ ሻጩን መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ ከኋለኛው ጥያቄዎ ልነሣ፤ የፊተኛውም መልስ ያለው እዚያው ነው። ነገሩ አሁን ባለበት ሁኔታ ከሆነ ከስሰው የመርታት ዕድልዎ በጣም ጠባብ ነው። ዝርዝሩ ከአገር አገር ቢለያይም ሕግ ባጠቃላይ ገዥን የሚጠብቀው ከቤቱ ጉድለት ነው። ሻጩ የሚያውቀውን የግድግዳ ስንጥቅ በልስንና በቀለም ሸፍኖ ቢሸጥልዎት በስውር ጉድለት ይጠየቃል። ለመኖሪያነት በደንብ የሚያገለግል ቤት ተጨማሪ ፎቅ አለመሸከሙ ግን ጉድለት አይባልም። ያልሠመረው የእርስዎ ዕቅድ ነው፤ ዕቅድዎ ደግሞ ውሉ ውስጥ ካልገባ ዳኛ ፊት የሚቆምበት እግር የለውም። «ለፎቅ ነው የተጣለው» የሚለውም ቃል በአፍ ከቀረ፣ ውሎች ላይ የማትጠፋው «ገዥ ቤቱን አይቶና ወዶ ገዝቷል» የምትል ሐረግ ትውጠዋለች።

ስለዚህ ይክፈሉ። መሐንዲሱ ከመፈረምዎ በፊት የሚነግርዎት ነገር ዋጋ ለማስቀነስ ወይም ቤቱን ለመተው ይጠቅምዎታል። ከፈረሙ በኋላ ግን ያው ነገር የኪሳራዎን ልክ ከማሳወቅ አያልፍም።

አማችዎን ክፉ አልናገርም። ግን «ይቻላል» ያሉት ምን አይተው ነው? አብዛኛው ሰው የሚፈርደው ከጣሪያ በላይ ብቅ ብሎ የቀረውን የኮለን (የምሰሶ) ፌሮ አይቶ፣ ግድግዳውንም በጣቱ አንኳኩቶ ነው። ፌሮው የሚመሰክረው ቤቱን ያሠራው ሰው ፎቅ የመጨመር ሐሳብ እንደነበረው ብቻ ነው። ከመሬት በታች ያለው መሠረት ስንት እንደሚሰፋ፣ አፈሩ ምን ያህል ክብደት እንደሚችል ከፌሮ ጫፍ አይነበብም፤ ለዓመታት ዝናብ ሲመታው ከኖረም ፌሮው ራሱ በዝገት ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ግድግዳውን ማንኳኳትም ቢበዛ ብሎኬቱ ባዶ መሆኑን ይነግር ይሆናል እንጂ ከላይ ያለውን ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ወይም ጣሪያ ተሸክሞ እንደሆነ አይነግርም።

የስትራክቸር መሐንዲስ ግን ቤቱ ጥግ ላይ አስቆፍሮ መሠረቱን ያያል፣ በኮንክሪቱ ውስጥ ያለውን ፌሮ በመሣሪያ ይፈልጋል፣ የኮንክሪቱን ጥንካሬ ይፈትሻል፣ ያገኘውንም ከዲዛይኑ ጋር ያስተያያል። ቁፋሮው የሰው ንብረት ላይ ነውና የሻጩን ፈቃድ በጽሑፍ ይያዙ፤ ጉድጓዱን ማን እንደሚደፍንም አብሮ ይጻፍ። መሠረቱን እያወደሰ እንዳይታይ የሚከለክል ሻጭ ካጋጠመዎት፣ እኔ ብሆን ሌላ ቤት እፈልጋለሁ።

መሐንዲሱ በኋላ ሥራውን የሚወስደው ሰው ባይሆን ይመረጣል። አስተያየቱም በእርስዎ ስም የተጻፈ፣ የተፈረመበት፣ ምን እንዳየና ምን እንዳላየ የሚገልጽ ይሁን። ሻጩ ያሠራውን ሪፖርት ቢያሳይዎትም አይመኩበት፤ ባለሙያ በመጀመሪያ ኃላፊነት ያለበት ላዘዘው ሰው ነው። በብድር የሚገዙ ከሆነ የባንኩ ገማች መጥቶ ያያል፤ እሱም የሚያየው ቤቱ ለብድሩ መያዣ ይበቃ እንደሆነ ነው።

የቤቱ አቅም አንድ ነገር ነው፣ የፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት መልስ ሌላ። መሠረቱ ቢችል እንኳ የአካባቢው የከፍታ ገደብ ወይም ከጎረቤት ወሰን መራቅ ያለበት ርቀት ፎቁን ሊከለክል ስለሚችል ይህን በአርክቴክት ያስጠይቁ። የጸደቀውን ፕላን ኮፒ ከሻጩ ተቀብለውም ከቤቱ ጋር ክፍል በክፍል ያስተያዩ። ከጓሮ የተሠራው ሰርቪስ ፕላኑ ላይ ከሌለ፣ እርስዎ ለፎቁ ፈቃድ ስትጠይቁ ሊያይ የመጣው ባለሙያ መጀመሪያ የሚያነሣው እሱን ነው። ያን ጊዜ «አፍርስ» የሚባለው ደግሞ የዕለቱ ባለቤት ነው።

አሁን ወደ ቀብዱ። በብዙ አገሮች ሕግ ቀብድ ከፍሎ ሐሳቡን የለወጠ ገዥ ቀብዱን ያጣል፤ ሐሳቡን የለወጠው ሻጩ ከሆነ እጥፉን ይመልሳል። ደላላው ቢሮ የምትፈረመው አንድ ገጽ ወረቀትም ውል ናት፤ «ዋናው ውል ላይ እናስገባዋለን» ቢሉዎት አይስሙ። እዚያችው ወረቀት ላይ እንዲህ ያለ አንቀጽ ይግባ፦

«ይህ ውል የሚጸናው ገዥ በመረጠውና በራሱ ወጪ በሚያሠራው መሐንዲስ ምርመራ ቤቱ ተጨማሪ አንድ ፎቅ መሸከም እንደሚችል በጽሑፍ ሲረጋገጥ ነው። ምርመራው እስከ … ቀን ይጠናቀቃል። ቤቱ እንደማይችል ከተገለጸ ውሉ ቀሪ ሆኖ ሻጭ የተቀበለውን ቀብድ ሳይቀንስ በ… ቀን ውስጥ ይመልሳል።»

ቀኖቹን ክፍት አይተዉ። መሐንዲሱን የሚመርጠው ማን እንደሆነ አለመጻፍ ራሱን የቻለ ክርክር ያመጣል። የግንባታ ፈቃዱንም ቅድመ ሁኔታ ማድረግ ከፈለጉ፣ ማመልከት የሚችለው ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ስለሆነ ሻጩ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ ውክልና እንዲሰጥዎት ይጠይቁ።

ሻጩ አንቀጹን አልቀበልም ካለ ቀብዱን ያቆዩና መሐንዲሱን ያስቀድሙ። በመሐል ቤቱ ለሌላ ሊሸጥ ይችላል፣ አልክድም። እንዲያ ከሆነ የሚያጡት የምርመራውን ክፍያ ነው፤ አማችዎ «ይቻላል» ባሉት ተማምነው ቀብድ ከከፈሉ በኋላ ቤቱ አይችልም ቢባል ግን ቀብዱን ለማስመለስ የሚያቀርቡት ሰነድ አይኖርዎትም።