የሚንጠባጠብ የሻወር ሚክሰር

ጥያቄ፦ የሻወራችን ሚክሰር ባለ ሁለት እጀታ ነው። አጥብቀን ብንዘጋውም ከላይ መንጠባጠቡን አላቆመም። ግድግዳ ሳላሰብር ራሴ መቀየር እችላለሁ? (አንባቢ፣ ቦኩ ሸነን፣ አዳማ)

መልስ፦ ይችላሉ። ከግድግዳ ውጭ የሚታይ ሚክሰር የተያዘው በሁለት ዳዶ ብቻ ነው። ነገር ግን ሙሉውን ከመግዛትዎ በፊት ችግሩ ከየት እንደሆነ ይለዩ። ታጥበው ከወጡ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ አንጠባጥቦ የሚያቆም ከሆነ በሻወሩ ራስ የቀረ ውሃ ነው፤ ብልሽት አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ የሚንጠባጠብ ከሆነ ቦይለሩን ከኤሌክትሪክ ያጥፉና ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ውሃ ይዝጉ። ጠብታው ከቆመ ያለቀው የሙቁ ጎሚኒ ነው፤ ካልቆመ ቀዝቃዛውን ይጠርጥሩ። አጥብቆ መዝጋት መፍትሔ አይሆንም፤ ጎሚኒውን ይበልጥ ይቆርጠዋል። እጀታውን ፈትተው የውስጡን ክፍል ያውጡና ናሙናውን ይዘው ሱቅ ይሂዱ። መጠኑና የእጀታው ጥርስ ስለሚለያይ በቃል ተናግሮ መግዛት ያሳስታል። ጎሚኒው የሚያርፍበት ነሐስ ከተቦረቦረ ወይም አካሉ ከተሰነጠቀ ግን ሙሉውን ይቀይሩ።

ለመቀየር የሚያስፈልግዎ ሚክሰሩ፣ አንድ ጥቅል ቴፍሎን፣ መፍቻ፣ ካቻቪቴና ውሃ ልክ ነው። የሁለቱን መግቢያዎች ርቀት ከመሃል እስከ መሃል ይለኩ፤ የተለመደው 15 ሳንቲም ነው። ከግድግዳ የሚወጣው ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ኢንች ነው።

የመስመሩንም የሮቶውንም ውሃ ይዝጉ። ቦይለሩ እንደጠፋ ይቆይ፤ ውሃ ሳይኖረው ከበራ ማሞቂያው ይቃጠላል። የወለሉን ፍሳሽ በጨርቅ ይድፈኑ፤ ጎሚኒ ገብቶ ከቀረ አይወጣም። ሁለቱን ዳዶዎች ፈትተው አካሉን ካነሱ በኋላ ሚክሰሩን ከቧንቧው ጋር የሚያገናኙትን ጠማማ መገጣጠሚያዎች ከግድግዳው ይፍቱ። አልነቃነቅ ካሉ በጉልበት አይሂዱ። ግድግዳ ውስጥ ያለው የፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) ኤልቦ፣ ማለትም መታጠፊያው፣ ከዞረ ወይም ከተሰነጠቀ ያን ጊዜ ነው ሴራሚክ የሚሰበረው። ጥርሱ ላይ አቼቶ ያስነኩት፣ ትንሽ ቆይተው ቀስ ብለው ወዲያና ወዲህ ይሞክሩ።

አዲሶቹ መገጣጠሚያዎች ላይ ቴፍሎኑን ጥርሱ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ከ10 እስከ 15 ዙር እየሳቡ ይጠምጥሙ። በተቃራኒው የተጠመጠመ ሲጠብቅ ተገፍቶ ይወጣል። ሁለቱንም እኩል አስገብተው ርቀታቸውን 15 ሳንቲም ያድርጉ፣ በውሃ ልክ ያስተካክሉ። አንዴ ከጠበቀ በኋላ ለማስተካከል ወደ ኋላ ከመለሱት ቴፍሎኑ ይላላል፤ አውጥተው በአዲስ ይጠምጥሙ።

አካሉን ከመግጠምዎ በፊት ባልዲ ከስር አድርገው ውሃውን ለአንድ ደቂቃ ይልቀቁት። ይህን እርምጃ እባክዎ አይዝለሉት። የአዳማ ውሃ ከአዋሽ ተጣርቶ ቢመጣም ጠፍቶ ሲመለስ በመስመርና በሮቶ ስር የተጠራቀመ ደለል ይዞ ይገባል። አንድ የአሸዋ ቅንጣት አዲስ ካርትሪጅ (ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋውን የውስጥ ክፍል) ለመጫር ይበቃል።

ከዚያ ጎሚኒዎቹን በዳዶዎቹ ውስጥ አስገብተው ሚክሰሩን ይግጠሙ፤ ሙቁ በግራ፣ ቀዝቃዛው በቀኝ። እዚህ ቴፍሎን አያስፈልግም፤ ውሃውን የሚይዘው ጎሚኒው ነው። በእጅ አጥብቀው በመፍቻ ሩብ ዙር ይጨምሩ። የመፍቻውን አፍ በጨርቅ ይጠቅልሉ፣ ክሮሙ እንዳይላጥ። ውሃውን ቀስ ብለው ከፍተው መጋጠሚያዎቹን በሶፍት ይፈትሹ፤ በማግስቱም ይድገሙት። ቦይለሩን የሚያበሩት ሙቁ መስመር ያለ አየር መፍሰስ ሲጀምር ነው።

ጥያቄ፦ አሮጌውን አውጥቼ ባለ አንድ እጀታ ሚክሰር ካስገባሁ ወዲህ የሻወሩ ውሃ ቀጠነ። ውሃው የሚመጣው በ3 ሜትር ማማ ላይ ካለ ሮቶ ነው። (አንባቢ፣ አዳማ)

መልስ፦ በመጀመሪያ በዳዶዎቹ ውስጥ ያለውን ወንፊትና የሻወሩን ራስ ያጽዱ። ካልተሻሻለ ምክንያቱ ከፍታው ነው። 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ነው። የሮቶዎ ስር 3 ሜትር ላይ፣ የሻወሩ ራስ 2 ሜትር ላይ ከሆነ የሚያገኙት 0.1 ባር ያህል ብቻ ነው፤ ሮቶው ሙሉ ሲሆን ጥቂት ይጨምራል። ብዙ ባለ አንድ እጀታ ሚክሰሮች ቢያንስ 0.5 ባር ይፈልጋሉ። መተላለፊያው ሰፊ ወደሆነው ባለ ሁለት እጀታ ይመለሱ፣ ወይም ትንሽ ፓምፕ ያስገቡ። ፓምፑን ሮቶው ባዶ ሲሆን ራሱ ከሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ጋር ይግዙ።