አደይ ስትፈነዳ እኔ ላብራቶሪ ነበርኩ

ልጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ዛሬ ስለ ሥራ አልመክራችሁም። ስለ ሥራ የሚመክራችሁ ሞልቷል። የምጽፍላችሁ ስለ ግቢ ነው። ስለ አበባ፣ ስለ ወፍ፣ ስለ እስስት።

34 ዓመት የላብራቶሪ ባለሙያ ነበርኩ። መጀመሪያ ኮምቦልቻ፣ ኋላ ደሴ። ኮምቦልቻ ሞቅ ትላለች፤ ክረምቱ ሲወጣ ወባ ይነሳል። ያኔ ከመስከረም እስከ ኅዳር ከጠዋት እስከ ማታ ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅሬ ነው የምውለው፤ ጊምሳ በሚባል የደም ማቅለሚያ የተነከረ ስላይድ፣ ከዚያ ሌላ ስላይድ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ፣ በር ላይ ልጇን ያዘለች እናት ውጤት እየጠበቀች። ሥራዬን እወደው ነበር። አሁንም አልቆጭበትም። ግን የወባ ወርና የአደይ አበባ ወር አንድ ነው። ቀና ስል አደይ ደርቃለች። ስንት መስከረም እንዲህ አለፈኝ።

«ጡረታ ስወጣ አያለሁ» እል ነበር። እናንተ እንዲህ አትበሉ። ዘንድሮውኑ ጀምሩ።

አደይ ብዙ አትቆይም። የኑግ ዘመድ ናት። በየዓመቱ ከዘር በቅላ፣ አብባ፣ ዘሯን አራግፋ ትሞታለች። ስለዚህ አጥራችሁ ሥር በቅላ ከሆነ ለበዓል ከምትቀጥፏት በላይ አትንኳት። ዘሯን ሳትጥል ካጨዳችኋት ለከርሞ ከየት ትመጣለች?

«የመስቀል ወፍና አደይ አበባ ቀጠሮ አላቸው» ሲባል ሰምታችኋል። ልጅ ሆኜ ወፉ ከመስከረም በኋላ አገር ለቆ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። የትም አይሄድም። በዚህ ስም የምንጠራቸው ወፎች ወንዶቹ በመራቢያ ጊዜያቸው ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር ይለብሳሉ። ጊዜው ሲያልፍ ላባቸውን ቀይረው እንደ ሴቶቹ ቡናማ ይሆኑና ከድንቢጦች ጋር ይመሳሰላሉ። ጥር ላይ አጥራችሁ ላይ ቁጭ ብሎ ሳታውቁት ታልፉታላችሁ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ድንቢጥ የመሰለ መንጋ ሳይ ቆም እላለሁ። ከመሃላቸው የትኛው ይሆን ባለ ቀዩ?

ላብራቶሪ ውስጥ መዝገብ አለ። ቀን፣ ናሙና፣ ውጤት። እኔም ለግቢዬ አንድ ደብተር ገዛሁ። «ኅዳር 12። ውርጭ። ዳሊያው ጠቆረ።» «ጥቅምት 3። ጅራቷን የምትነቀንቀው ቢጫ ወፍ መጣች።» በቃ ይኸው ነው። ይህቺ ወፍ የምትራባው አውሮፓ ነው፤ እዚያ ሲበርድ ወደኛ ትመጣለች። ከጎረቤታችን ከሐጂ ላም እግር ሥር ላሟ የምታስነሳቸውን ነፍሳት ስትለቅም ትከርምና በልግ ላይ አጣታለሁ። ሁለት ዓመት ስትጽፉ ደብተሩ መናገር ይጀምራል። የመጀመሪያው ዓመት አሰልቺ ነው፣ አልዋሻችሁም።

እኛ ወሎዬዎች ደግሞ እድለኞች ነን፤ በልግ አለን። የካቲትና መጋቢት ላይ ዝናብ ሲጥል ግቢው ሁለተኛ ዓመት የጀመረ ይመስላል። ከአጥሩ ያለው ቀጋ ነጭ አበባውን ሲያወጣ ንቡ ከየት እንደሚመጣ እንጃ። ቀጋ የጽጌረዳ የዱር እህት ናት፤ እሾኋን ጠልታችሁ አትንቀሏት። ክረምት ላይ ብዙ አልቆይም፣ ጭቃ ነው፣ ጉም ነው፣ ቀንድ አውጣ ቅጠሉን ይጨርሳል። ግን ሐምሌ ላይ እርሳስ የሚያህል የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ መሬት ውስጥ ሰካ አድርጉ። ይይዝላችኋል።

በጋው ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ2014 ጦርነቱ እኛ ጋ ሲደርስ፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ቤታችንን ጥለን ወጣን። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ በሩ ተሰብሯል። ጽጌረዳው ውኃ አጥቶ ደርቋል። ደብተሬም የለም። ከጓሮ ያለው ራስ ክምር ግን ብርቱካንማ አበባውን በአናት በአናቱ ደርቦ ቆሟል፤ ማንም ውኃ ሳያጠጣው። አበባው ላይ ምንቃሩ እንደ መርፌ ቀጥኖ የጎበጠ ጥቁር ወፍ ማር ይመጥጣል። ከጥላው ወጣና ፀሐይ መታው። ጥቁር አልነበረም። ሐምራዊ ነው። ያን ሐምራዊ ቀለም አውቀዋለሁ፤ የጊምሳ ቀለም ነው፣ 34 ዓመት ማይክሮስኮፕ ሥር ያየሁት። በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ኋላ ስለ ወፍ የሚያውቅ አንድ ልጅ የደጋ ወፍ እንደሆነና ስሙም ከተከዜ ወንዝ የተወሰደ እንደሆነ ነገረኝ። ይህ ወፍ የኛ ነው፣ እኔ ግን ከስልሳ ዓመቴ በፊት አይቼው አላውቅም። ማለቴ፣ አጠገቤ ነበር። እኔ ነኝ ያላየሁት።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር። ግቢያችሁን ሙሉውን ሲሚንቶ አታልብሱት። የደሴን ጭቃ አውቀዋለሁ፣ እውነታችሁን ነው። መሄጃውን አልብሱት። በአጥሩ ጥግ አንድ ሜትር አፈር ተዉ። ቤት ተከራይ ከሆናችሁ የዘይት ጄሪካን ለሁለት ቁረጡና አሪቲ፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ ትከሉበት። በሶብላው ሲያብብ ንብ ይመጣል፣ ቡናችሁም ይሸታል። አንድ ትል ባያችሁ ቁጥር መድኃኒት አትርጩ። መርዙ ንቡንም ይገድለዋል፣ ትሉን ለጫጩቶቿ ልትወስድ የመጣችውንም ወፍ ያስርባታል። እስስት ስታዩ ድንጋይ አታንሱ። መርዝ የለውም። ቀኑን ሙሉ ዝንብና ፌንጣ ሲለቅም ነው የሚውለው።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ የሎሚ ዛፋችሁን ተመልከቱ። ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የመሰለ ነገር ካያችሁ አትጥረጉት። አባጨጓሬ ነው፤ ወፍ እንዳይበላው እንዲያ መስሎ ተኝቷል። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። ከዚያ ራሱን ቅርንጫፍ ላይ ያስርና ጥቁር ከቢጫ የሆነ ትልቅ ቢራቢሮ ሆኖ ይወጣል። ጥቂት ቅጠል ይበላባችኋል፣ ይብላ። እኔ ኮምቦልቻ ስኖር ደጃፌ ሎሚ ነበረኝ። አንድም ቀን ቅጠሉን ገልብጬ አላየሁም።

ይህን ስጽፍላችሁ ሰኔ ገብቷል። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል። ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ በጨለማ ተቀምጬ ሳለ፣ ከጓሮ የመጀመሪያዋ እንቁራሪት ጮኸች። ተነሥቼ በሻማ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። አምና በ19 ነበር። ዘንድሮ በ11።